የተበጠሰው ጫፍ ይታይ
የአንባቢያን የቴክኒክ ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ላይ ጉልበትን ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚያሻግረው ጥርሳም ቺንጋ ናቸው። ስለዚህ አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኤሌክትሪክ ሞተሬ በቺንጋ የሚሄድ ነው። 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼው ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ፣ አረንጓዴ በርቶ ልነሳ ስል ጧ ብሎ ተበጠሰ። የተበጠሰበት ቦታ ቀጥ ያለ ነው፤ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ጥርሶቹ አዲስ ናቸው። ከአንድ ወር በፊት የኋላ ጎማ ያስቀየርኩበት ጋራዥ «አልቆ ነው» ብሎኛል። እውነት አልቆ ነው? አዲሱንስ ራሴ ልገጥመው እችላለሁ? (ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ)

መልስ፦ አላለቀም፤ ተሰብሯል። ያለቀ ቺንጋ ከጥርሱ ይታወቃል። ጥርሱን የሸፈነው የናይሎን ጨርቅ ይገፈፋል፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ሸለቆ ተበልቶ የውስጡ ክር ብቅ ይላል፣ የጥርሱ አንድ ጎን ተፍቆ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። ጥርሶቹ ደህና ሆነው ቺንጋው ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ፣ ከመበጠሱ በፊት የሆነ ቀን በኃይል ታጥፏል ማለት ነው።

ነገሩ ያለው ከውስጡ ነው። የዚህ ቺንጋ አካል ፖሊዩሬቴን ነው፤ ጭነቱን የሚጎትተው ግን በውስጡ ዙሪያውን የተጠመጠመው የካርቦን ክር ነው። ካርቦን ሲጎትቱት ብረትን ያስንቃል፤ ሲያጥፉት ግን እንደ ደረቅ ሰንበሌጥ ቀጭ ይላል። ከላይ ምንም አይታይም፣ በእጅ ሲዳሰስም ደህና ነው። የተሰበሩት ክሮች ድርሻ በቀሩት ላይ ያርፋል፣ እነሱም በየተራ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻ አንድ ጠንካራ መነሳት ይጨርሰዋል። ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከቆመበት ነው። ዜሮ የተባለው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ኩባንያ የሚሠራውን ኤስአር/ኤፍ እንውሰድ፦ ሞተሩ 190 ኒውተን ሜትር የማሽከርከር ጉልበት አለው። የፊት ፑሊው፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ፣ ራዲየስ 35 ሚሊሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ ቺንጋውን የሚጎትተው ኃይል 5,400 ኒውተን ገደማ ይመጣል። ከግማሽ ቶን በላይ የሚመዝን ዕቃ በሁለት ጣት ስፋት ጥብጣብ ላይ እንደማንጠልጠል ነው።

መቼ ታጠፈ ለሚለው፣ ጎማ ሲቀየር የሚሠሩ ሦስት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ጎማው ሲወጣ ቺንጋውን እንቅፋት እንዳይሆን አጣጥፎ በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ነው። ሁለተኛው አክስሉን በደንብ ሳያላሉ ቺንጋውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ፑሊው ላይ ማውጣት። ሦስተኛው ጎማውን ሲያነሱ ክብደቱን በቺንጋው መሸከም። ጋራዡን በዚህ ብቻ ለመክሰስ ግን አይቸኩሉ፤ ቺንጋው ከመገጠሙ በፊት መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ጫፎች ግን አይጣሉ። ዋስትና ላይ ለሚነሳ ክርክር ከእነሱ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሌላ አንባቢም የራሱን ቺንጋ እንዲያነብ፦ ጫፉ ጺም አውጥቶ፣ ወጣ ገባ ሆኖ ከተበጠሰ ድንገተኛ ጭነት ነው። ለምሳሌ የኋላ ጎማ ጉልበት እንደያዘ ከዘለለበት መሬት ሲነካ፣ ወይም አሸዋ ላይ ሲሾር ቆይቶ ድንገት አስፋልት ሲይዝ። ከአንድ ቀዳዳ ተነስቶ የተቀደደ ከሆነ ድንጋይ ገብቶበታል። ጥርሶቹ ተከታትለው ከሥራቸው ከተላጡ ላልቶ ነበር። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተፈተለ ጎማው ጠሟል።

አዎ፣ ራስዎ ሊገጥሙት ይችላሉ። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ፦ ቺንጋው ሙሉ ቀለበት ስለሆነ እንደ ካቴና ተፈትቶ አይቀጠልም። አንዳንድ ሞተሮች ላይ የኋላውን ጎማ ማውጣት ይበቃል፤ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ስዊንግ አርሙ (የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ) ራሱ ካልተነቀለ ቀለበቱ አያልፍም። የእርስዎ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ የማንሻ መሣሪያ ከሌለዎት ለባለሙያ ይስጡት።

ቺንጋው ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ይታተማሉ፤ የጥርስ ለጥርስ ርቀት፣ ርዝመት እና ስፋት፣ ሁሉም በሚሊሜትር። 8፣ 1600 እና 21 ካለ፣ 1600 ለ8 ሲካፈል 200 ጥርስ ነው። የጥርሱ ብዛት በአንድ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ማስተካከያው ላይበቃ ይችላል። ቀደም ሲል የሞተሩ ፑሊ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ መመሪያው ላይ የተጻፈው ርዝመት ለእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ አሮጌውን ራሱን ይቁጠሩ።

ሥራው የሚጀምረው ቁልፉን ነቅሎ ኪስ በመክተት ነው። ይህን እንደ ተራ ምክር አይዩት። ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በርቶ ቆሞም ዝም ነው፣ እጀታው በስህተት ከተነካ ጣት ቺንጋና ፑሊ መካከል ይቀራል። ቻርጀሩም ከተሰካ ይንቀሉት። ሞተሩን የኋላ ጎማው በነፃ እንዲሾር አድርገው ይስቀሉ፤ አክስሉ ስለሚወጣ ማቆሚያው አክስሉን የሚይዝ ዓይነት መሆን የለበትም። በግራና በቀኝ የማስተካከያ ቡሎኖቹ የት እንደነበሩ ፎቶ ያንሱ።

የፊት ፑሊውን ክዳን እና የታችኛውን የቺንጋ መከላከያ ያውጡ። የአክስሉን ዳዶ ያላሉ፣ ማስተካከያዎቹን ሁለቱንም እኩል ዙር እየቆጠሩ ይመልሱ፣ ጎማውን ወደፊት ይግፉት። አክስሉ ሲወጣ የፍሬኑን ካሊፐር በሽቦ ያንጠልጥሉት እንጂ በቱቦው እንዲንጠለጠል አይተዉት። የኤቢኤስ ሴንሰር ሽቦ ካለም እንዳይወጠር።

አሁን ፑሊዎቹ ተጋልጠዋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ነው። የፊቱ ፑሊ 20፣ የኋላው 90 ጥርስ ካለው፣ የኋላው አንድ ዙር ሲዞር የፊቱ አራት ዙር ተኩል ይዞራል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው የፊቱ ነው። በጥፍርዎ ጥርሱን ይዳስሱ። ጠርዝ ወይም ደረጃ ከተሰማዎት፣ የላዩ ሽፋን ተልጦ የሚያብለጨልጭ አልሙኒየም ከታየ፣ ወይም ድንጋይ የጎረደው ቦታ ካለ፣ አዲስ ቺንጋ እዚያ ላይ ማልበስ ገንዘብ መጣል ነው። ያለቀ ፑሊ ለአዲስ ቺንጋ ሞረድ ነው። በዚያው አጋጣሚ የጎማውን ኩሽኔታ በጣትዎ ያሽከርክሩ፤ ከተንገዳገደ ወይም ከተኮሳኮሰ ዛሬ ይቀየር።

አዲሱን ቺንጋ ከሳጥኑ ሲያወጡ ከፊት ፑሊው ዙሪያ ጠብቦ እንዳይታጠፍ፣ እንዳይጠመዘዝ፣ ውስጡ ወደ ውጭ እንዳይገለበጥ። መጀመሪያ የፊቱን ያልብሱ፣ ቀጥሎ የኋላውን። መፈልቀቂያ ካስፈለገዎት ጎማው በበቂ አልተገፋም፤ ቆም ብለው ተጨማሪ ያላሉ።

ቀጥሎ ውጥረት ነው። በጣት ጫን ብሎ መገመት ለካቴና ይሠራል፤ ለካርቦን ቺንጋ አይሠራም። ትክክለኛው መለኪያ ድምፁ ነው። ቺንጋውን እንደ ክራር ክር በጣትዎ መታ ያደርጉታል፣ የሚያሰማው ንዝረት በስልክ መተግበሪያ በኸርዝ ይለካል። የቺንጋ ፋብሪካው ጌትስ ለዚህ ነፃ መተግበሪያ አለው። ስልኩን ከቺንጋው መሐል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያርቁ፣ ፀጥ ያለ ቦታ ይሁን፣ ሦስት ጊዜ መትተው አማካዩን ይውሰዱ። ቁጥሩን ከሞተርዎ መመሪያ ጋር ያወዳድሩ፣ የሌላ ሞዴል ቁጥር አይዋሱ፤ የሚሰጠው ድምፅ እንደ ቺንጋው ክብደትና እንደ ሁለቱ ፑሊዎች ርቀት ይለያያል። ደግሞ አይሞኙ፦ ከ50 ኸርዝ ወደ 60 ማለፍ የ20 በመቶ ለውጥ ይመስላል፤ ውጥረቱ ግን ከድምፁ ካሬ ጋር ስለሚያድግ 44 በመቶ ጨምሯል።

ጎማውን ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ አራት ቦታ ይለኩ። ፑሊ ፍጹም ክብ ስለማይሆን ቁጥሩ ይለዋወጣል። ሲያስተካክሉ መሠረትዎ ቺንጋው በጣም የጠበቀበት ቦታ ይሁን። ከዚያ ጎማውን በእጅ ወደፊትም ወደኋላም ያሽከርክሩና ቺንጋው ወዴት እንደሚሸሽ ይዩ። የፑሊውን ጠርዝ በስሱ መንካቱ ችግር የለውም፤ ጠርዙን ተጭኖ ከተጓዘ አንዱን ማስተካከያ ሩብ ዙር እያዞሩ ያርሙ። የአክስሉን ዳዶ በቶርክ ቁልፍ በመመሪያው ልክ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ማጥበቁ ራሱ ጎማውን ስለሚያንቀሳቅሰው ሥራው ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ አንዴ ደግመው ይለኩ።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን፣ ጠዋት ስነሳ ከኋላ «ጠክ ጠክ» ይላል። በሐምሌ ምንም አልነበረም። እጀታውን ለቅቄ ሞተሩ ራሱ ሲይዝም አንዳንዴ ይሰማል። ቺንጋው ተዘርግቶ ይሆን? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ የካርቦን ክር አይዘረጋም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተቀየረው ሞተር ሳይክልዎ ነው። ስዊንግ አርሙ አልሙኒየም ነው፤ አልሙኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሊዮን 23 እጅ ያጥራል ወይም ይረዝማል። ከፑሊ እስከ ፑሊ 600 ሚሊሜትር ያለው ሞተር ከ20 ዲግሪ ወደ 10 ከዜሮ በታች ሲወርድ 0.4 ሚሊሜትር ያጥራል። ካርቦኑ ግን እዚያው ነው። 0.4 ሚሊሜትር ለካቴና ምንም አይደለም፤ ለማይለጠጥ ቺንጋ ግን መላላት ነው። በበጋ ከዝቅተኛው ቁጥር ላይ የነበረ ቺንጋ በብርድ ከልኩ በታች ይወርዳል። ያ ድምፅ ጥርሱ ፑሊው ላይ ወጥቶ ሲዘል ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ዝላይ የጥርሱ ሥር ይጎዳል።

እጀታ ሲለቁ የሚሰማው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር የራሱ ባሕርይ ነው። ሲነዱ የሚወጠረው የላይኛው ጎን ነው፤ ሞተሩ ፍሬን ሆኖ ባትሪ ሲሞላ፣ ማለትም በሪጄን ጊዜ፣ የታችኛው ይወጠርና የላይኛው ይላላል። የላላ ቺንጋ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘልላል።

ሞተሩ ውጭ አድሮ ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩት፤ ከመመሪያው ክልል በታች ከሆነ እስኪገባ ያጥብቁት። እስከዚያ ሪጄኑን ዝቅ ያድርጉና ከመቆም ሲነሱ ቀስ ይበሉ። ጸደይ ሲመጣ ግን መልሰው መለካት አይርሱ። በብርድ ከላይኛው ወሰን ላይ የተወጠረ ቺንጋ በሙቀት ወሰኑን ያልፋል፣ ያኔ ደግሞ የሚበላው የሞተሩ ኩሽኔታ ነው። ከቺንጋው ጋር ሲነጻጸር እሱን መቀየር እጅግ ውድ ነው። ውጥረቱን ካስተካከሉ በኋላም ድምፁ ካልቆመ የፊት ፑሊውን ዳዶ ያረጋግጡ፤ የላላ ፑሊም እንዲሁ «ጠክ» ይላል።

ጥያቄ፦ ስኩተሬ ሲሄድ እንደ አይጥ ይጮኻል። ጓደኛዬ የካቴና ዘይት ቀባልኝ፣ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ባሰበት። (ከነታኒያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ቺንጋ ዘይት አይፈልግም። ዘይቱ አቧራውን ይዞ ጭቃ ሆኗል፣ ያ ጭቃ አሁን ጥርሱንም ፑሊውንም እየፈጨ ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ቺንጋውንና ሁለቱን ፑሊዎች ይጠቡ፣ ያድርቁ። ቤንዚንም ሆነ የፍሬን ማጽጃ አይጠቀሙ። ባሕር ዳር አሸዋና ጨው ስለማይጠፋ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ በውሃ ብቻ ማጠብ ይበቃል። ታጥቦና ደርቆም የሚጮኽ ከሆነ የጠመመ ጎማ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋው የፑሊውን ጠርዝ ምን ያህል እንደሚገፋ ይዩ። ጠርዙ ላይ ጥቁር ብናኝ ካገኙ ምክንያቱ ታወቀ።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ቺንጋውን ልፈትሽ ብዬ አጣሁት። የት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የለውም። የእርስዎ ሞተር የኋላው ጎማ መሐል ቸርኬው ውስጥ ነው፤ ራሱ ጎማውን ያሽከረክራል። ቺንጋ የለም፣ ካቴና የለም። የእርስዎ ጭንቀት ሌላ ነው፦ ከአክስሉ አጠገብ ወደ ሞተሩ የሚገባው ወፍራም ሽቦ እንዳይታሽና ውሃ እንዳይገባው፣ የአክስሉ ዳዶና አክስሉ እንዳይሽከረከር የሚይዘው ብረት እንዳይላሉ። አክስሉ አንዴ ከዞረ ሽቦውን ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። በየሳምንቱ በቁልፍ ይንኩት፤ ኮብልስቶን ላይ የሚውል ከሆነ በየሦስት ቀኑ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ተራራ ላይ ጠጠር መንገድ እወጣለሁ። ቺንጋውን አውጥቼ ካቴና ባደርግበት ይሻላል? (ከዴንቨር)

መልስ፦ እንደሚነዱበት መንገድ ነው። ጠጠር በቺንጋና በኋላ ፑሊ መካከል ሲገባ ቺንጋው ቦታ አይሰጠውም፣ ድንጋዩ ክሮቹን ይበሳል። ካቴና በበኩሉ ወይ ይሰብረዋል ወይ ያልፈዋል። ዜሮ ለኤፍኤክስ ሞዴሉ የካቴና መቀየሪያ ዕቃ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ሱር ሮን ላይት ቢ የተባለው ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ደግሞ ሁለቱንም ይዟል፤ ከሞተሩ እስከ መካከለኛው ዘንግ ተሸፍኖ የተቀመጠ ቺንጋ፣ ከዚያ እስከ ጎማ ካቴና። ድንጋይ የሚደርስበትን ቦታ ለካቴናው መተዉ ብልህነት ነው።

የካቴና ዕዳው ግን የታወቀ ነው፤ በየ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀባት፣ ማጥበቅ፣ ጩኸት። በኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ ከመንዳት ወደ ሪጄን ሲቀያየር የላላ ካቴና «ቋ» እያለ ይመታል። የተደላደለ የጠጠር መንገድ ላይ በእርጋታ የሚነዱ ከሆነ ቺንጋውን ይተዉት፤ የታችኛው መከላከያ እንዳይጎድል እና ከጉዞ በፊት ትርፍ ቺንጋ መያዝዎን ብቻ ያረጋግጡ። ትርፉን ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልለው ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ያኑሩት፤ ከመቀመጫ ሥር ከመሣሪያ ጋር የተጨቆነ ትርፍ ቺንጋ በተገጠመበት ቀን ሊበጠስ ይችላል። ድንጋይ የሞላው፣ ዝላይ ያለበት መንገድ ከሆነ ግን ሳያመነቱ ወደ ካቴና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 30,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሞተር ልገዛ ነው። ባለቤቱ «ቺንጋው ዕድሜ ልክ ነው» ይላል። ምን ልይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ኪሎ ሜትሩን ይተዉት። ባትሪ መብራትና ጠመኔ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ምልክቱ እስኪመለስ ድረስ ጥርስ በጥርስ ይዩ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ክር መፈተል ወይም የላዩ ጥቂት መላጥ የመደራደሪያ ነጥብ ነው፤ ሞተሩ ግን ይሄዳል፣ እየተከታተሉ ይንዱት። የጎደለ ጥርስ፣ መንጠቆ የሆነ ጥርስ፣ ከሥሩ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በጎን የሚታይ ጥርስ፣ የተበሳ ጀርባ፣ ብቅ ያለ ጥቁር ክር ካገኙ ግን የአዲስ ቺንጋና የሁለት ፑሊ ዋጋ ከሽያጩ ላይ ያስቀንሱ።

በመጨረሻ የማስተካከያ ቡሎኖቹን ይዩ። የማይለጠጥ ቺንጋ የያዘ ሞተር አክስሉን ወደኋላ የሚገፋበት ምክንያት የለውም። ምልክቱ መጨረሻው ጫፍ ላይ ከደረሰ ወይ ርዝመቱ የማይገጥም ቺንጋ ተገዝቷል፣ ወይ ፑሊ ተቀይሯል፣ ወይ ፑሊዎቹ አልቀዋል። የትኛው እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቁት፤ ጥርሱንም ለማረጋገጥ ራስዎ ይቁጠሩት።